ምንጣፍ ከጓዳ ይጀምር

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ፣ በበበቃና በሼኮ አገር የቡናው ለቀማ አልቆ ገንዘቡ ወደ ቤት በሚገባበት ወራት፣ ከአዲስ አበባ መርካቶ የሚመጡት ምንጣፎች በገበያው ዳር ተጠቅልለው ይቆማሉ። ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ አበባ የተጣለበት፣ አንበሳ የተሣለበት ሁሉ መንገደኛውን ይጠራል። ዓመቱን በጭቃና በዝናብ ውስጥ ሲደክም የከረመ ቤተ ሰብ ቤቱን ለማሳመር መመኘቱ የሚነቀፍ አይደለም። ቤትን ማስጌጥ፣ እንግዳንም በንጹሕ ስፍራ ማስቀመጥ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ያ ምንጣፍ ከተገዛ በኋላ የሚነጠፈው ወዴት ነው ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ በብዙው ቤት አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም በእንግዳ መቀበያው ክፍል ነው። ሕፃኑ የሚድህበት ጓዳ፣ ልጆች የሚተኙበት ክፍል፣ አያት በሌሊት ተነሥተው የሚያልፉበት መተላለፊያ ግን እንደ ወትሮው ባዶ መሬት ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ጽሑፍ የምንለው ዋና ነገር አንድ ነው። ምንጣፍ ለዓይን ከመሆኑ አስቀድሞ ለእግር የተሠራ ነው። ስለዚህ ቤተ ሰብ ምንጣፍ በሚመርጥበት ጊዜ ከጓዳ ጀምሮ ወደ ሳሎን መምጣት ይገባዋል እንጂ፣ ከሳሎን ጀምሮ በጓዳው ደጃፍ ላይ መቆም አይገባውም። ለምን እንዲህ እንደምንል፣ ለየክፍሉም የሚስማማው ምንጣፍ የትኛው እንደ ሆነ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል እንገልጣለን።

የአገሩ መሬትና የአገሩ አየር

ሚዛን ተፈሪ ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ስትሆን፣ ቴፒ ከእርስዋ ዝቅ ብላ በ1,100 እና በ1,200 ሜትር መካከል ትገኛለች። በዚህ አገር በዓመት የሚወርደው ዝናብ በብዙ ስፍራ ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ደረቁም ወራት አጭር ነው። አፈሩ ቀይ ነው፤ ሲርስ ከእግር ላይ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይቦናል። ቡናውን ያሳደገልን ይህ ዝናብና ይህ አፈር ነው፤ ምንጣፍን የሚያበሰብሰውም ይኸው ራሱ ነው።

የምንጣፍ ጠላት እርጥበት መሆኑን አንድ የታወቀ ታሪክ ያስረዳናል። በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ከተገኙት ባለ ጉንጉን ምንጣፎች ሁሉ ጥንታዊ ነው የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ዓ.ም. በሩሲያ አገር በአልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ በሚባል ስፍራ ከአንድ መቃብር ውስጥ የወጣው ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ወይም በ4ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ነው። የሱፍ ሥራ ይህን ያህል ዘመን ሊቆይ የቻለው ወደ መቃብሩ የገባው ውኃ ወደ በረዶነት ተለውጦ ስለ ጠበቀው ነው። እኛ ግን በረዶ የለንም፤ ያለን ሙቀትና እርጥበት ነው። ስለዚህ በመንዝ ወይም በጎንደር ደጋ 20 ዓመት የሚያገለግል ምንጣፍ፣ በቴፒ ያለ ጥንቃቄ ቢነጠፍ በጥቂት ክረምት ውስጥ ሻግቶና ሸትቶ ሊጣል ይችላል። ለዚህ አገር የሚሆን ምንጣፍ የሚለየው በውበቱ ብቻ አይደለም፤ ሊነሣ፣ ሊታጠብና ሊደርቅ የሚችል መሆን አለበት። ሁለት ሰው ተሸክሞ ወደ ፀሐይ ሊያወጣው የማይችል ምንጣፍ ለዚህ አገር የተሠራ አይደለም።

ባዶ ወለልና የልጆች እግር

በትምህርት ቤት ልጆችን የምናስተምር ሰዎች በክፍል ውስጥ አንድ ነገር እናያለን። እግሩን ሲያክክ የሚውል፣ በተረከዙ ብቻ የሚራመድ፣ አንዳንድ ቀንም ጭራሹን የሚቀር ልጅ አለ። ምክንያቱን ስንመረምር ብዙ ጊዜ ሙጀሌ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህ ተባይ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1872 ዓ.ም. ከብራዚል ወደ አንጎላ በመጣች መርከብ ከአሸዋ ጋር ተጭኖ ወደ አፍሪካ ገብቶ፣ ከዚያ ወዲህ በአህጉሩ ተሠራጨ። ሴቲቱ ተባይ በእግር ቆዳ ውስጥ ተቀብራ እንቁላልዋን ወደ ወለሉ ትጥላለች፤ እንቁላሉም በወለሉ ትቢያ ውስጥ ተፈልፍሎ ያድጋል። እንግዲህ የልጁን እግር በመርፌ እየቆፈሩ ወለሉን እንደ ነበረ መተው ውኃን በወንፊት እንደ መቅዳት ነው።

ከዚህ የሚከፋም አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ሲመራመሩ፣ ብዙ ሰው ዝሆኔ ብሎ ከሚጠራው የእግር እብጠት አንዱ ዓይነት በትንኝ የሚመጣ ሳይሆን፣ በቀይ አፈር ላይ ዘመኑን ሁሉ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ መሆኑን አስረዱ። በአፈሩ ውስጥ ያሉት እጅግ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በእግር ቆዳ እየገቡ በውስጥ ያሉትን የፈሳሽ መተላለፊያ ሥሮች ይጎዳሉ። በሽታውም ፖዶኮኒዮሲስ ተብሎ ተሰየመ፤ ስሙ እግርና ትቢያ ከሚሉት የግሪክ ቃላት የወጣ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው፣ በዓመትም ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ ቀይ አፈር አገር ይገኛል፤ የእኛም አገር እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት መሠረት በዚህ በሽታ የተያዙት ጎልማሶች ቍጥር 1.5 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተገምቷል። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም፤ ስለዚህ የታመመውን ሰው ከማኅበር መለየት ወይም ከማዕድ ማራቅ ኃጢአት ነው። ዋናው መከላከያ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና በየቀኑ መታጠብ ነው። ነገር ግን ሕፃን በቤት ውስጥ ጫማ አያደርግም፤ በእጁና በጉልበቱ ይድሃል። ለእርሱ የሚጠቅመው የተሸፈነ ወለል ነው።

ወለል የቤተ ሰብን ጤና ምን ያህል እንደሚለውጥ በሜክሲኮ አገር ታይቷል። በዚያ አገር በኮዋዊላ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የድኾችን ቤት የአፈር ወለል በሲሚንቶ ያለብስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. የታተመው ጥናት እንደሚገልጠው፣ ወለሉ በሙሉ በተለወጠበት ቤት የሕፃናት የሆድ ትላትልና ሌሎች ጥገኛ ተሕዋስያን በ78 በመቶ፣ ተቅማጥ በ49 በመቶ፣ የደም ማነስ በ81 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የእናቶችም ጭንቀት ቀንሷል። ምንጣፍ ሲሚንቶ አይደለም፤ ቢሆንም ሲሚንቶ ማስደረግ ለማይቻለው ቤት ንጹሕ ምንጣፍ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ንጹሕ ያልነውን ቃል ልብ ይሏል። ዓመት ሙሉ የማይነሣ ምንጣፍ ከሥሩ ትቢያና ተባይ ያከማቻልና ከባዶ ወለል የባሰ ይሆናል።

በእጃችን ያሉት የምንጣፍ ዓይነቶች

ወደ ክፍሎቹ ከመሄዳችን በፊት የየዓይነቱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሰሌን ከዘንባባ ቅጠል የሚታታ ነው። ርካሽ ነው፤ ቀላል ነው፤ ውኃ ቢነካውም ቶሎ ይደርቃል። የመነኮሳት መኝታ፣ የብዙ ወላጆቻችንም የመጨረሻ መጠቅለያ ሆኖ ከመቃብር የሚወርድ የተከበረ ነገር ነው። በእኛ አገር ደግሞ ከእንሰት የሚሠራ ምንጣፍ በየመንደሩ ይገኛል። እነዚህን እንደ ድኻ ዕቃ የሚንቅ ሰው ቢኖር ለዚህ አየር ከሁሉ የሚስማሙት እነርሱ መሆናቸውን አላስተዋለም።

ቁርበት፣ ጀንዲና አጎዛ ለደጋ ብርድ የታሰቡ ናቸው። በእርጥብ ቆላ ግን ፀጉሩ ይረግፋል፣ ቆዳው ይሸታል፣ ተባይም ይበላዋል። የሚወዳቸው ሰው ከመሬት ከፍ ባለ መደብ ወይም ወንበር ላይ ያኑራቸው።

ባና ከመንዝ በግ ሱፍ በእጅ ተፈትሎ የሚሸመን ነው። ጠንካራና ሙቀት የሚሰጥ ነው፤ ነገር ግን እርጥበትን ይይዛል፣ ብልም ይወደዋል። በሚዛን ተፈሪ ቤት ትንሹን መርጦ ከአልጋ አጠገብ ማንጠፍ እንጂ ክፍል ሙሉ ማልበስ አይበጅም።

ከጥጥ የሚሠራ ዝተትና ሌላም ስስ የጥጥ ምንጣፍ በውኃና በሳሙና ይታጠባል፣ በግማሽ ቀን ፀሐይም ይደርቃል። ልጆች ላሉበት ቤት የሚበልጠው የለም።

ከውጭ አገር የሚመጣው ስጋጃ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሱፍ ነው፤ ዋጋው ከባድ ነው። ሁለተኛው ከፕላስቲክ ክር በመኪና የተሠራ ነው፤ በገበያችን የሚበዛውም ይኸው ነው። የፕላስቲኩ ክር አይሻግትም፤ ነገር ግን እሳት ሲነካው ወዲያው ይቀልጣል።

የፕላስቲክ ምንጣፍ የሚባለው፣ በሜትር እየተቆረጠ የሚሸጠው፣ በሲሚንቶ ላይ ሲነጠፍ ለማጽዳት እጅግ ምቹ ነው። በአፈር ወለል ላይ በቀጥታ ቢነጠፍ ግን ከመሬቱ የሚወጣው እርጥበት ማለፊያ አጥቶ ከሥሩ ይጠራቀማል፤ ወለሉም ይላቁጣል፣ ሻጋታም ያበቅላል። በአፈር ላይ የሚያነጥፈው ሰው በየሳምንቱ አንሥቶ ወለሉን ማናፈስ አለበት።

ለየክፍሉ የሚስማማው

ሕፃኑ የሚውልበት ክፍል ወይም ጓዳ። ቅድሚያ የሚሰጠው ይህ ነው። ወለሉ አፈር ከሆነ አስቀድሞ ይስተካከል፣ ይደምደም፣ እንደ ልማዳችንም በሚገባ ይለቅለቅ። ሲደርቅ ሰሌን ይነጠፍበት፤ በሰሌኑ ላይ ስስ የጥጥ ምንጣፍ ይደረብበት። የጥጡ ምንጣፍ ሁለት ቢሆን መልካም ነው፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይነጠፋል። ሰሌኑ በየሳምንቱ ተነሥቶ ወለሉ ይጠረግ። ብዙ ሰው የማዳበሪያ ከረጢት እየሰፋ ለልጆች ያነጥፋል፤ እህል የነበረበት ታጥቦ ሊያገለግል ይችላል፤ መድኃኒት ወይም የእርሻ ማዳበሪያ የነበረበትን ግን ሕፃን ሊቀመጥበት ከቶ አይገባም።

የልጆች መኝታ ቤት። ልጆች በአልጋ የሚተኙ ከሆነ ከአልጋው አጠገብ ጠዋት እግራቸውን የሚያሳርፉበት ትንሽ ምንጣፍ ይበቃል። በመሬት የሚተኙ ከሆነ ግን ፍራሹ ወለሉን እንዳይነካ ከሥሩ ሰሌን ይነጠፍ፤ ጠዋትም ፍራሹ ይነሣና ይቁም፤ ሲውል እንደ ተነጠፈ አይቆይ። በቤቱ አስም ያለበት ልጅ ካለ ፀጉራም ስጋጃ በመኝታ ቤቱ አይነጠፍ። በእርጥብ አገር በእንዲህ ያለ ምንጣፍ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች ይራባሉና ትንፋሹን ያውኩታል። ለእርሱ በ60 ዲግሪ ሙቅ ውኃ ሊታጠብ የሚችል ስስ የጥጥ ምንጣፍ፣ ወይም በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለወል ባዶ የሲሚንቶ ወለል ይሻለዋል።

አያቶች የሚሄዱበት መተላለፊያ። ወለሉ ሊሾ ወይም ሴራሚክ በሆነበት ቤት ትንሽ ምንጣፍ ለሽማግሌ ወጥመድ ነው። እግር ሲያርፍበት ይንሸራተታል፤ ጠርዙ ከተጠቀለለም ጣት ይይዛል። በእርጅና ጊዜ የዳሌ አጥንት መሰበር ሰውን ለዓመታት ከአልጋ ያውላል። ስለዚህ ለመተላለፊያው ረጅምና ስስ የሆነው ይመረጥ፤ ከጀርባውም ከአሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ በአራቱ ማዕዘንና በመካከሉ ይሰፋበት። እንዲህ የተሠራው አይንሸራተትም። ጠርዙ የተበላውን ምንጣፍ ከመተላለፊያው ማንሣት እንጂ ይቆይ ማለት አይገባም።

የጸሎት ስፍራ። በየቤታችን ሥዕለ አድኅኖ የሚሰቀልበት፣ መጻሕፍት የሚቀመጡበት ማዕዘን አለ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ሊቀ ነቢያት ሙሴ በኮሬብ ተራራ እንዳደረገው ጫማችንን አውልቀን ምንጣፉን በባዶ እግር እንረግጣለን። በቤትም ለዚህ ስፍራ አንድ ምንጣፍ ለብቻው ይለይለት። ውድ መሆን የለበትም፤ ንጹሕ ሰሌን ላዩ ላይ ወፍራም ጥጥ ቢደረብበት በዐቢይ ጾም ስግደት ለሚያበዙት ጉልበትን ይጠብቃል። ከጸሎት በኋላ ተጠቅልሎ ከፍ ባለ ስፍራ ይቀመጥ። ጧፍና ሻማ ከምንጣፉ ጠርዝ ራቅ ብሎ በማይነድ ነገር ላይ ይቁም።

የእንግዳ መቀበያ ወይም ሳሎን። ለስጋጃ የተገባው ስፍራ ይህ ነው፤ ከሌሎቹ በኋላ ግን ይምጣ። ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ቢነጠፍ አየር ያልፍበታል፣ ከግድግዳ የሚወርደው እርጥበትም አያገኘው። የወንበሮቹ የፊት እግሮች በምንጣፉ ላይ ቢያርፉ ምንጣፉ አይንሸራተትም፣ ክፍሉም የተሰበሰበ መስሎ ይታያል። የኤሌክትሪክ ገመድ ከምንጣፍ ሥር ማሳለፍ የእሳት አደጋ ያመጣልና አይደረግ።

ከሁሉ በላይ በዚህ ክፍል የሚፈላው ቡና ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከከሰል ማንደጃው የምትወድቅ አንዲት ፍም የፕላስቲኩን ስጋጃ በቅጽበት ትበሳዋለች፤ የዕጣን ማጨሻውም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ የጀበናው ስፍራ ከስጋጃው ውጭ ይሁን፤ አለዚያም ስጋጃው በዚያ በኩል ይታጠፍ። ቄጤማ በሚጐዘጐዝበት ጊዜም አስቀድሞ ስጋጃውን ማንሣት ያስፈልጋል። ቄጤማ የደስታ ምልክት ነው፤ በቀዳም ስዑር ካህናት ለምእመናን የሚያድሉትም የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረችውን ርግብ ለማሰብ ነው። በንጹሕ ወለል ላይ ሲጐዘጐዝ ያምራል፤ በስጋጃ ላይ ሲጐዘጐዝ ግን ጤዛው ወደ ምንጣፉ ይገባል፣ የተረገጠው ቅጠልም የማይለቅ አረንጓዴ እድፍ ይጥላል። የማኅበርና የጠበል ጻዲቅ ዕለት እንግዳ ይበዛልና፣ ለዚያ ቀን ተጠቅልለው የሚቀመጡ ሁለት ወይም ሦስት ሰፋፊ ሰሌኖች ከማናቸውም ስጋጃ ይልቅ ያገለግላሉ።

ማድ ቤትና መታጠቢያ። በማድ ቤት እሳት፣ ዘይትና ውኃ ስላለ ምንጣፍ አይነጠፍ። እንጀራ የምትጋግረው ሴት የምትቆምበት ደረቅ የጆንያ ቁራጭ ከምድጃው ራቅ ብሎ ቢቀመጥ ይበቃል። በመታጠቢያ ቤትም የማያንሸራትት ጎማ ወይም ትንሽ የጥጥ ቁራጭ ይሁን፤ ያም በየቀኑ ይሰጣ።

ደጃፍ። ይህን ወደ መጨረሻ ያመጣነው ዋጋው ከሁሉ ያነሰ ስለ ሆነ ነው እንጂ ጥቅሙ ስለሚያንስ አይደለም። የቡና ገበሬ ቤት አሮጌ ጆንያ አያጣም። ጆንያው ሁለት ሦስት ጊዜ ተደርቦ ተሰፍቶ አንዱ ከደጅ፣ አንዱ ከውስጥ ቢነጠፍ፣ አጠገቡም የጫማ ማኖሪያና የእግር መታጠቢያ ውኃ ቢኖር፣ ወደ ቤት የሚገባው ቀይ ጭቃ አብዛኛው በዚያው ይቀራል።

በገበያ ፊት

የቤት እመቤት ወደ ገበያ ከመሄድዋ በፊት ክፍሉን በሜትር ትለካ፤ በልኩም ገመድ በወለሉ ላይ ዘርግታ ትይ። ነጋዴው «እትዬ፣ ይህ ከሁሉ ይበልጣል፤ ይንኩት፣ እንዴት እንደሚለሰልስ ይመልከቱ» ቢላት፣ እርስዋ «ወንድሜ፣ ፊቱን አይቼዋለሁ፤ እባክህ ጀርባውን ገልብጥልኝ» ትበለው። ለእኛ አገር የምንጣፍ ምሥክሩ ጀርባው ነውና። ጀርባው ከጆንያ ክር የተሠራ ከሆነ በእርጥበት ይበሰብሳል፤ ከፕላስቲክ ክር የተሠራው ይቆያል።

ቀጥሎም ነጭ ጨርቅ በውኃ አርሳ ፊቱን ትሸው፤ ቀለሙ ወደ ጨርቁ ከወጣ ነገ የልጆቹን ልብስና የወለሉን ሲሚንቶ ያቀልማል። ሱፍ ነው ብሎ በውድ የሚሸጥላት ቢኖር፣ ከጠርዙ አንድ ክር እንዲመዝላት ትጠይቅና በክብሪት ታንድደው። ሱፍ ሲነድ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈርሳል፤ ፕላስቲክ ግን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይደርቃል። በመጨረሻም ምንጣፉን ጠቅልላ ከሌላ ሰው ጋር ታንሣው። ደረቁ የከበዳቸው፣ እርጥቡን ሊያነሡት አይችሉም።

አያያዝ

በሚጠጣው ቡና ላይ ስለሚደርስ ጉዳት አንድ ቃል እንጨምር። ቡና ሽታን የሚስብ እህል ነው። ልጆች የተኙበት፣ ዘይት የፈሰሰበት ወይም ላምባ የነካው ሰሌን ወደ አውድማ ወጥቶ ቡና ቢሰጣበት፣ ሽታው ከቡናው ጋር ወደ ገዢው ይሄዳል፣ ዋጋም ይጥላል። እንደዚሁም ቡና የተሰጣበት ሰሌን አፈርና ተባይ ይዞ ወደ መኝታ ቤት መመለስ የለበትም። የቤቱ ለቤት፣ የአውድማው ለአውድማ ተለይቶ፣ በጠርዙ በቀለም ክር ምልክት ይደረግበት።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ፀሐይ በሚበዛበት ወራት ምንጣፍ ሁሉ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይውጣ፤ በገመድ ላይ ተሰቅሎ ከጀርባው በኩል ይደብደብ፤ ጀርባውም ፊቱም ፀሐይ ይሙቅ። በዝናቡ ወራት ደግሞ ሰማዩ በተገለጠ ቀን ሁሉ ጠርዙ ተገልብጦ ይናፈስ። የረጠበ ምንጣፍ ሳይደርቅ መልሶ መንጠፍ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። የሸተተ ምንጣፍ ላይ ሽቶ መርጨትም ሽታውን ይሸፍናል እንጂ ሻጋታውን አይገድልም።

የግዢው ቅደም ተከተል

እንግዲህ በዚህ ዓመት ከቡናው የተረፈው ገንዘብ ጥቂት የሆነበት ቤተ ሰብ እንዲህ ያድርግ። በመጀመሪያ፣ ምንም ሳያወጣ የጆንያውን ደጃፍ ይስፋ። ሁለተኛ፣ ለሕፃኑ ክፍል ሰሌንና ሁለት የጥጥ ምንጣፍ ይግዛ። ሦስተኛ፣ የልጆቹን መኝታና የአያቶችን መተላለፊያ ያልብስ። አራተኛ፣ የጸሎቱን ስፍራ ይለይ። ይህ ሁሉ አልቆ ገንዘብ ከተረፈ፣ ያን ጊዜ በደስታ የሳሎኑን ስጋጃ ይምረጥ። ካልተረፈም እስከ ከርሞ ቡና ይቆይ፤ እንግዳ በንጹሕ ሰሌን ላይ ተቀምጦ ጠጥቶ ቢሄድ ምንም አይጎድልበትም።

ከሳሎኑ በፊት ጓዳውን ማልበስ እንግዳን መናቅ እንዳይመስለን። አባታችን አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር እንግዶቹን በተቀበለ ጊዜ አስቀድሞ ያሰበው እግራቸው የሚታጠብበትን ውኃ ነበር። ጌታችንም በጸሎተ ሐሙስ ምሽት የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ፤ ይህንም ሥርዓት ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ትፈጽማለች። እግር በእምነታችን ዘንድ የተናቀ አካል አይደለም። የእንግዳውን እግር ያከበረ ቤት የራሱን ሕፃን እግር በቀይ ትቢያ ላይ ሊተወው አይገባም። ከዛሬ ማታ ጀምሮ እያንዳንዱ አባወራና እመቤት መብራት ይዘው ወደ ጓዳው ይግቡ፤ ጎንበስ ብለውም ልጆቻቸው የሚተኙበትን ወለል በእጃቸው ይዳስሱ። እርጥብ ሆኖ ካገኙት፣ የዘንድሮው የቡና ገንዘብ የመጀመሪያው ሥራ ከዚያ ይጀምር።